ጀፎረው የማን ነው?

በጉራጌ ደጋ ከአረቅጥ ከተማ ወጥቶ ወደ ጉመር መንደሮች የሚዘልቅ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ሰፊው አረንጓዴ ጎዳና ነው። ከግራና ከቀኝ የሣር ክዳን ጎጆዎች ፊታቸውን ወደ ጎዳናው መልሰው በረድፍ ቆመዋል። ከየጎጆው ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ወዲያ የገብስ፣ የባቄላና የድንች ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ባሕር ዛፍ ይከተላል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ ግን አልታረሰም፤ አልታጠረም። ጀፎረ ይባላል። ጥጃ ይግጥበታል፤ ልጅ ይጫወትበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፤ አስከሬን ይሸኝበታል፤ ሽማግሌ ነገር ይሰማበታል፤ በመስቀል ደመራ ይለኮስበታል።

የጉራጌ ደጋ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበት አገር ነው። ብዙው ቤተሰብ የሚያድረው ከአንድ ሄክታር ባነሰ ይዞታ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት የተንጣለለውን ሜዳ አንዱ ጉልበተኛ አጥሩን እየገፋ ለምን አይወስደውም? እሱ ከወሰደስ ጎረቤቱ ለምን ይቀራል? ነገሩ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ዓለምን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ያከራከረው፣ በአገራችንም የአንድ ትውልድ ደም የፈሰሰበት የሶሻሊዝም ጥያቄ በውስጡ አለ። ሰዎች የሚኖሩበትን ሀብት በጋራ ይዘው፣ አንዱ ሌላውን ሳይበላ መኖር ይችላሉ ወይ?

የዚህ ጽሑፍ መልስ፣ ይችላሉ የሚል ነው። ግን በምን ሁኔታ? ይህን ለማየት ከጉመር ተነሥተን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኩል እንሻገርና እስከ ዛሬ እንዘልቃለን።

ሁለት መንገድ፣ ሦስት ጥያቄ

ሶሻሊዝም እንደ ፖለቲካ አስተሳሰብ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው። በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ሕፃናት ሳይቀሩ ከንጋት እስከ ምሽት ይሠሩ ነበር። ከድካማቸው የሚገኘው ትርፍ የፋብሪካው ባለቤት ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፤ ብዙዎች ደክመው የሚያፈሩት ሀብት ስለ ምን የጥቂቶች ይሆናል?

ለመልሱ ሁለት መንገድ ተከፈተ። አንደኛው ካርል ማርክስና ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1848 ባወጡት የኮሚኒስት ማኒፌስቶ የታየው መንገድ ነው። ሠራተኛው የመንግሥትን ሥልጣን ይይዛል፤ በሥልጣኑም ሀብቱን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ የጋራ ያደርጋል። ሁለተኛው መንገድ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ከእነሱም ከፊሎቹ ሸማኔዎች፣ ከየኪሳቸው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ የሚሸጥ አንዲት ሱቅ ከፈቱ። ደንባቸው ግልጽ ነበር። ያዋጣው ገንዘብ በዛም አነሰ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ትርፉም ለገዢዎቹ በግዢያቸው መጠን ይከፈላል። የዛሬው የዓለም የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ መነሻዬ የሚላት ያችን ሱቅ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል። ከሥራቸው ያለው ምኞት ግን አንድ ነው፤ ምኞቱንም በሦስት ጥያቄ መመርመር ይቻላል። ሀብቱ የማን ነው? ስለ ሀብቱ የሚወስነው ማን ነው? ከማኅበሩ ውጭ የቀረውስ ማን ነው? እኛ ኢትዮጵያውያን በታሪካችን ሦስቱንም ጥያቄዎች በየተራ መልሰናል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የመለስንበት ወቅት ግን የለም። ጉዳታችን የመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጀፎረ እንዴት ተጠበቀ?

ጀፎረ በአጋጣሚ የተረፈ ሜዳ አይደለም። ወሰኑን ሽማግሌዎች ለክተው ያቆሙት፣ በሕግ የተጠበቀ ይዞታ ነው። ወደ ጀፎረ አጥሩን የገፋ ሰው በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል፤ አጥሩን ነቅሎ እንዲመለስ ይወሰንበታል፤ እምቢ ካለ ቅጣቱ እየከበደ ይሄዳል። ጎረቤት ከራቀው፣ ለቅሶውና ሠርጉ ሰው ካጣ፣ በዚያ አገር ኑሮ የለውም። ነገሩ መንደር ላይ ካላለቀ ወደ ጎሳ ሽማግሌዎች፣ ከዚያም በላይ ወደ የጆካ ይደርሳል። የጆካ የሰባት ቤት ጉራጌ የበላይ ሸንጎ ነው፤ ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ ኢነሞር፣ ጌቶ፣ እንደጋኝ፣ እንዲሁም እንደ አንድ ቤት የሚቆጠሩት ሙህርና አክሊል የሚገናኙበት። ሕጉም ቅጫ ይባላል። በሌላው የጉራጌ ወገን፣ በክስታኔ ዘንድ የጎርደና ሴራ ተመሳሳይ ቦታ አለው። በእነዚህ ሸንጎዎች ነገር የሚቆረጠው በእጅ ብልጫ አይደለም፤ እስኪስማሙ ድረስ በመነጋገር ነው።

ይህን አሠራር ከዓለም ዕውቀት ጋር ማስተያየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የጋራ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጻፈ። በጋራ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ ከብት አርቢ አንድ ላም ሲጨምር ጥቅሙ የብቻው፣ ጉዳቱ ግን የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፤ ሜዳውም ያልቃል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች መፍትሔው ወይ ለግለሰብ ማካፈል ወይ ለመንግሥት ማስረከብ ነው አሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በስዊዘርላንድ ተራሮች የሚገኙ የጋራ ግጦሾችን፣ በጃፓን ያሉ የመንደር ደኖችን፣ በስፔንና በፊሊፒንስ ያሉ የመስኖ ማኅበራትን መርምራ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አሳየች። ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ስታገኝ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ኦስትሮም ለዘመናት የዘለቁ የጋራ ሀብቶች የሚጋሯቸውን ባሕርያት ዘርዝራለች። ወሰናቸው የታወቀ ነው። ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጥሰትን የሚከታተል አለ። ቅጣቱ ከቀላል ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። ጠብ በቅርብና በርካሽ ይዳኛል። ትንሹ ሸንጎ ከትልቁ ጋር ይያያዛል። መንግሥትም ይህን መብት አይነካም። የጉራጌን መንደር የሚያውቅ አንባቢ ዝርዝሩን ሲያይ የአባቶቹን ሥርዓት ያስታውሳል። ኦስትሮም ጉመርን አላጠናችም፤ የጉመር ሽማግሌዎችም የእሷን መጽሐፍ አላነበቡም። ሁለቱ የተገናኙት የጋራ ሀብት የሚጠብቀው ሰው ሲያገኝ እንደሚኖር በማወቃቸው ነው።

እንግዲህ ጀፎረ ሁለት ጥያቄዎችን በትክክል መልሷል። ሀብቱ የማን ነው? የመንደሩ። የሚወስነው ማን ነው? የሚኖርበት ሰው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን ልብ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን።

ከሸንጎው ውጭ የቀሩት

የጉራጌን ጎጆ ውበት ያላደነቀ የለም። ምሰሶውን የሚያቆመው፣ ጣሪያውን የሚያዋቅረው የእንጨት ሥራ ባለሙያ ግን በራሱ አገር የተገፋ ሰው ነበር። እንጨት ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ስም ወጥቶላቸው ከሌላው ተለይተው ይኖሩ ነበር። በ1950ዎቹ በቸሃ ተቀምጦ የጉራጌን ኑሮ ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ እንደመዘገበው እነዚህ ሰዎች መሬት አይዙም ነበር፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ ማዕድም አብረው አይቆርሱም። እጃቸው ለሁሉም ይሠራል፤ የሠሩት ቤት ፊቱን ወደ ጀፎረ መልሶ ይቆማል፤ ስለ ጀፎረ በሚነጋገረው ሸንጎ ግን ድምፅ አልነበራቸውም።

ሴቶችም እንዲሁ ነበሩ። የጉራጌ ኑሮ መሠረት እንሰት ነው። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቆጮውን በጉድጓድ የሚያቦኩትና የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው። የጆካ ላይ ተቀምጦ ሕግ የሚያወጣው ግን ወንድ ብቻ ነበር። ለዚህ መልስ የሚፈልግ ሰው የቃቄ ወርድወትን ታሪክ ያነሣል። በአፍ ታሪክ እንደሚነገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሙህር የኖረችው ይህች ሴት ባሏን የጠላች ሴት ያለ እሱ ፈቃድ ተፈትታ ሌላ ማግባት የማትችልበትን ልማድ ተቃወመች። ሴቶችን ሰብስባ በየጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ ወንድ የተፈቀደለት ለሴትም ይፈቀድ ብላ ተከራከረች። ታሪኳ በዘመናችን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው አይቶታል። ወርድወት የጆካ ይፍረስ አላለችም። እኔም ሰው ነኝና ሕጋችሁ ለእኔም ይሁን አለች። በኢትዮጵያ ምድር ላይ የእኩልነት ጥያቄ ከአውሮፓ መጽሐፍ ገና ሳይደርስ በሙህር ተነሥቶ ነበር።

ይህን የማነሣው የአባቶችን ሥርዓት ለማዋረድ አይደለም። የጋራ ሀብት ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እርስ በርሳቸው እኩል የሆኑ ሰዎች የሚጋሩት ሜዳ፣ ከእኩልነቱ ለተከለለው ሰው አሁንም የሌላ ሰው ሜዳ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967

በአገር ደረጃ ያለው በደል ከዚህ የከፋ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ የተስፋፋው ሥርዓት ሚሊዮኖችን ገባርና ጭሰኛ አደረጋቸው። እኩል አራሹ ካመረተው ግማሹን፣ ሢሶ አራሹ ከሦስት አንዱን ለባለመሬት ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ላይ መስተንግዶው፣ ጉልበቱ፣ ማሩ፣ በጉ አለ። ባለመሬቱ ውጣ ሲለው ደግሞ ከነቤተሰቡ ይወጣል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ አደባባይ መሬት ለአራሹ ብለው ሲወጡ ያነሡት ይህን በደል ነበር። ከእነሱ መካከል የባለመሬት ልጆችም ነበሩ። ከራሳቸው ጥቅም በላይ ያልተማረውን አራሽ አስበው መውጣታቸውን የዛሬ አንባቢ ሊያከብረው ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው። መሬት መሸጥ፣ መለወጥና ማስያዝ ተከለከለ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ጭሰኛው ለባለመሬቱ ካለበት ግዴታና ዕዳ ነፃ ወጣ። ገበሬዎች ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሸፍን ቀበሌ የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ መሬቱን ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ፣ የመሬት ክርክርንም በራሳቸው የፍርድ ሸንጎ እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጣቸው።

በዚህ አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ድንጋጌ አለ። መሬት በግሉ ሊያርስ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ የፆታ ልዩነት ሳይደረግበት፣ መሬት ይሰጠዋል ይላል። በሥራው ተንቆ መሬት ተከልክሎ ለኖረው ባለሙያ ይህ ቃል ምን ማለት እንደነበር አስቡት። በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ብዙ የእደ ጥበብ ባለሙያ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው ማሳ ያገኙት፣ በገበሬ ማኅበር ስብሰባም ከሌላው ጋር የተቀመጡት በዚህ አዋጅ ነው። የደረሳቸው መሬት ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩ፣ ለምነቱ ያነሰው ነበር፤ ንቀቱም አልጠፋም። ቢሆንም ሽማግሌዎች ለዘመናት ዘግተውት የኖሩትን በር አንድ ሕግ ከፍቶታል። በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ኋላ ወደ 15 ቋንቋዎች ያደገው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ለጎልማሳ ገበሬና ለእናቶች ፊደል አድርሷል። የእነዚህን ሥራዎች ዋጋ የሚክድ ሰው የሶሻሊዝም ምኞት ለምን ያን ያህል ሰው እንደማረከ አይገባውም።

የተነጠቀው ድምፅ

አዋጁ ለሀብቱ ጥያቄ ታላቅ መልስ ሰጠ፤ ለውጭ ለቀሩትም በሩን ገፋ። የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ግን ወዲያው አጨናገፈው።

የገበሬ ማኅበሩ በጅምሩ የገበሬው ነበር። በእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ማኅበራቱን ሲያደራጁ ገበሬው ራሱን እንዲያስተዳድር ነበር ያስተማሩት። ውሎ አድሮ ማኅበሩ የመንግሥት እጅ ሆነ። ግብር ይሰበስባል፤ የእህል ኮታ ያስሞላል፤ ለጦርነት ወጣት ይመለምላል። መሪዎቹ ለመረጣቸው ገበሬ መልስ መስጠት ትተው ለላዩ ሹም መልስ ሰጪ ሆኑ። በከተማ ደግሞ ስለ ሶሻሊዝም የተለየ ሐሳብ ያላቸው ወጣቶች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ታረዱ። መሬት ለአራሹ ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ ብዙ ልጆቹን በዚያ አጣ። ስለ ሕዝብ የሚናገር መንግሥት ሕዝቡ እንዲናገር አልፈቀደም።

በሰኔ 1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ገበሬውን በሦስት ደረጃ ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ሊያስገባ አቀደ። በመልባ መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ በሬውና መሣሪያው የግል ይቀራል። በወልባ በሬውና መሣሪያውም ይጋራል። በወላንድ ብዙ ማኅበራት ተዋሕደው አንድ ትልቅ ድርጅት ይሆናሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ያምራል። ማኅበሩ በመንግሥት ተወደደ፤ ለም መሬት፣ ማዳበሪያና ብድር ቅድሚያ አገኘ። የግል አራሹ ግን እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው፣ ከገበያው ባነሰ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። ገበሬው በደቦ ማረስ ያውቃል፤ መተባበር አስተማሪ አያስፈልገውም። ያልወደደው ሌላ ሰው በወሰነለት ሰዓት፣ ሌላ ሰው በወሰነለት ዋጋ መተባበርን ነው።

ፍርዱን ገበሬው ራሱ ሰጠ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጀው ገበሬው ከማኅበር መውጣት እንደሚችል ሲነገር፣ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ መሬቱን ተካፈሉ፤ በሬዎቹን ተከፋፈሉ። ገበሬው ከአዋጅ 31 ያገኘውን መሬት ግን ለቀድሞው ባለመሬት መልስ ቢሉት በጄ አይልም ነበር። ስለዚህ ያፈረሰው ፍትሕን አይደለም፤ ድምፁን የቀማውን አሠራር ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሌሎች አፍሪካውያን ላይም ደርሷል። ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሩሻ መግለጫ ታንዛኒያን ኡጃማ በተባለው የሶሻሊዝም መንገድ ሊመራ ተነሣ። ኔሬሬ ቅን ሰው ነበር። ለራሱ ሀብት አላካበተም፤ ትምህርትንና ጤናን ለገጠሩ አዳረሰ፤ ሥልጣኑንም እ.ኤ.አ. በ1985 በፈቃዱ ለቀቀ። መጀመሪያ በፈቃድ ይሁን ያለው የኡጃማ መንደር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በግዴታ ሆነ፤ ሚሊዮኖች ከቀያቸው ተነሡ፤ እርሻውም ተጎዳ። የመሪ ቅንነት የሕዝብን ፈቃድ አይተካም።

ትእዛዝ ሳይመጣ የተሠራ መንገድ

እዚህ ላይ ወደ ጉራጌ መመለስ ይገባል። የአባወራው ይዞታ ስለጠበበና ግብሩ በገንዘብ ስለሚከፈል የጉራጌ ወንዶች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ይሰደዱ ነበር። ሊስትሮ ሆኑ፤ ተሸካሚ ሆኑ፤ ቀስ በቀስም መርካቶ ላይ ሱቅ ከፈቱ። ከቀያቸው ይዘው የመጡት ዋና ሀብት መተማመን ነበር። ዕቁቡ የንግዳቸው ባንክ ሆነ። ዛሬ ብዙው ኢትዮጵያዊ የሚቀበርበትን እድር ብዙ አጥኚዎች ከእነሱ የከተማ ኑሮ ጋር ያያይዙታል። በገጠር የቀሩት ሴቶችም ውጆ በሚባል ማኅበር ቅቤያቸውን በየተራ አጠራቅመው ለመስቀልና ለችግር ቀን ይደርሱ ነበር።

የወልቂጤ ከተማ በጅማ መንገድ ላይ ስላለች ተሳፋሪው እዚያ ድረስ በመኪና ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ደጋው ያለው በእግር ነበር፤ ለመስቀል ወደ ቤቱ የሚመለስ ነጋዴ ዕቃውን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች መንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው እያንዳንዱ ጎሳና መንደር መዋጮውን ወሰነ፤ ገንዘቡን የአገር ሰው ከአገሩ ሰው ሰበሰበ፤ ከመንግሥት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውለው ወደ ሰባት ቤት አገር የሚያስገባ መንገድ ከፈቱ። ቀጥሎም ትምህርት ቤት ሠሩ። ይህ ማኅበር የኋላው የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት መነሻ ሆኗል።

ማንም ስለ ሶሻሊዝም አልሰበካቸውም። ግን መንገዱ የሁሉም ሆነ፤ ስንት ይዋጣ፣ በየት ይለፍ የሚለውን ተነጋግረው ወሰኑ። ያ ማኅበር በወላንድ ከታቀደው ጋር ሲነጻጸር የጎደለው የመንግሥት አስገዳጅነት ብቻ ነው። የጸናውም ስለዚህ ነው።

ሦስቱንም ጥያቄ አንድ ላይ ለመመለስ የሞከሩትን ለማየት ደግሞ ወደ አማራ ክልል፣ ወደ ፎገራ ወረዳ እንሻገር። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቹ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት አውራ አምባ ሀብቷንና ሥራዋን በጋራ ይዛለች። ወንዱ ይጋግራል፤ ሴቷ ታርሳለች፤ ሥራ የሚመደበው በችሎታ ነው። ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ማኅበሩ ይጦረዋል። ውሳኔ የሚሰጠው አባላት በሚመርጧቸው ኮሚቴዎች ነው። በደርግ ዘመን ተሰደው ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ስላገኙት ወደ ሽመና ዞሩ፤ በሽመናውም ኖሩ። አውራ አምባ ትንሽ መንደር ናት፤ ለመላው አገር ትበቃለች አይባልም። ሆኖም የሴት እኩልነት ለጋራ ኑሮ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን ምሰሶው እንደሆነ በተግባር አሳይታለች።

አሁን ያለንበት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ የ1967ቱን ውርስ አጽንቷል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበር በፈቃድ እንዲመሠረት፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደነገገ። የሮችዴል ሸማኔዎች ደንብ ከ150 ዓመት በላይ ተጉዞ የአገራችን ሕግ ሆነ ማለት ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ተመልሰዋል።

በመሬት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ጀፎረ ዛሬ ከብዙ ወገን እየተገፋ ነው። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ስለሚያመጣ ችግኙ ወደ ሜዳው ይጠጋል። አዲስ ቤት ሲሠራ አጥሩ ይወጣል። የመኪና መንገድ ሲቀየስ፣ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ ታጥሮ ያልተያዘው ሜዳ ባዶ መሬት ተብሎ ይቆጠራል። ሽማግሌ ይፍረድ ቢባል ቀበሌው የእኔ ሥልጣን ነው ሊል ይችላል፤ ቀበሌው ይፍረድ ቢባል ሽማግሌው የልማድ ነገር ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ጠባቂ የጎደለው ሜዳ ያልቃል። ሃርዲን የተናገረው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሊደረግ የሚገባው በግልጽ የሚታይ ነው። የጀፎረው ወሰን ተለክቶ በወረዳው መዝገብ የመንደሩ የጋራ ይዞታ ሆኖ ይመዝገብ። ጥበቃውና ቅጣቱ ለመንደሩ ሸንጎ ይመለስ፤ ወረዳው የሸንጎውን ውሳኔ ያጽና እንጂ አይተካው። በዚያ ሸንጎ ላይ ግን እንሰቱን የምትፍቀው ሴት፣ አባቱ ምሰሶ አቁሞ የማይቀመጥበት የነበረው የባለሙያ ልጅ፣ የራሱ ማሳ የሌለው ወጣት እኩል ተቀምጠው ይናገሩ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበርም እንዲሁ ይመርመር። መዝገቡን አባሉ ሁሉ ማየት ይችላል? መሪው የተመረጠው በአባላቱ ነው ወይስ ተጠቁሞ? ስብሰባው ላይ ያልመጡት እነማን ናቸው፣ ለምን?

ሶሻሊዝምን ከደርግ ጋር ቀብረን የጨረስን የሚመስለን አለን። ያ ስሕተት ነው። የፈረሰው ሀብቱን ለሕዝብ ሰጥቶ ድምፁን የነሣው አሠራር ነው። ሰው ሁሉ እኩል የመኖር መብት አለው የሚለው እምነት ግን ከማርክስ በፊት ነበረ፤ ከመንግሥቱም በኋላ ይኖራል። መሬቱን ለሕዝብ ያደረገው አዋጅ የሥራውን ግማሽ ሠርቷል። የቀረው ግማሽ ሕዝቡ ስለ መሬቱ የሚመክርበትን ሸንጎ ሴት ወንድ፣ ገበሬ ባለሙያ ሳይሉ ለሁሉም መክፈት ነው። ለዚህ አዲስ አብዮት አያስፈልግም። በጉመር አንድ መንደር በሚቀጥለው ስብሰባው ላይ ሊጀምረው ይችላል።